አልንበረከክም ያለው ዝንጀሮ

ተረት ላውጋችሁ፤ ወገባችሁን ግድግዳ አስደግፉና ስሙኝ።

ድሮ፣ ድንጋይም ወገብም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ ጎፈር የሚባል ዝንጀሮ ነበር። ጎፈር ሥራው ኩራት ብቻ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዋሻው ውስጥ ተጎልቶ ሌሎች ጠጉሩን ሲያበጥሩለት ከረመ። መስከረም ሲጠባ ሽማግሌ ልኮ እናኑ የምትባለውን ዝንጀሮ ለትዳር ጠየቀ። አባቷ አያ ጥሩነህ እንዲህ አሉት፦

«ልጄ ያለ ወፍጮ ጎጆ አትወጣም። ወንዝ ዳር ያለውን የወፍጮ ድንጋይ ብቻህን ተሸክመህ ካመጣህ ያንተ ናት። ካቃተህ ደጄን አትርገጥ።»

ጎፈር ይህም ሥራ ሆኖ ነው ብሎ ወረደ። መንጋው ሁሉ ሊያይ ተከተለው። ወንዙ ዳር ጨው ጭኖ ከቆላ የወጣ ግመል ውሃ ይጠጣ ነበር።

«ወንድሜ፣» አለው ግመሉ፣ «ክረምቱን ተቀምጠህ ነው የከረምከው፤ መጀመሪያ ሰውነትህን አፍታታ። ከዚያ ጠጋ በል፣ ጉልበትህን አጥፍና በእግርህ ተነስ። እኔ ስጫን ተንበርክኬ ነው።»

ጎፈር ሳቀበት። ለድንጋይ የሚንበረከክ እንዳንተ ያለ አሽከር ነው፣ ጎፈር ለማንም አይንበረከክም አለው። ድንጋዩም ቢሆን እኔ የትም አልሄድም፣ ምን አስቸኮለህ ብሎ መከረው። ማን ሰምቶት!

እግሩን እንደ ምሰሶ ገትሮ፣ ከሩቅ ጎንበስ ብሎ ሳበ። ወገቡ በቀስታ፣ ኧረ ጌታዬ ተው አለው። ጎፈር ዝም በል አለው።

ሁለተኛ ሳበ፤ አሁንስ በንዴት መነጨቀው። ወገቡ አጥብቆ ለመነው፣ ጎፈር አሁንም ዝም በል አለው።

ሦስተኛ ሲስብ፣ አይ እልህ፣ ድንጋዩን አነሳው! መንጋው እልል አለ። ጎፈር ታዲያ በዚህ ቢበቃው ምን ነበር? እናኑ ታየኝ ይሆን ብሎ፣ እግሩ እንደተተከለ ድንጋዩን እንዳቀፈ ወደ ኋላ ተጠማዘዘ። ወገቡ በዚህ ጊዜ ምንም አላለም፤ ቀጭ አለ እንጂ። ድንጋዩ ወደቀ። ጎፈርም እንደታጠፈ ቀረ።

እናኑ ግን ጭራሽ አላየችውም። እቤቷ የእናቷን ቅማል እየለቀመች ነበር።

ድንጋዩን ግመሉ ተንበርክኮ በመንጋው አስጫነና እስከ አያ ጥሩነህ ደጅ አደረሰው። ጎፈርም እያቃሰተ፣ እጁ መሬት እየነካ ተከትሎ ደረሰ። እናኑ ብቅ ብላ አየችውና፣ «ወፍጮውስ መጣልን፤ አንተን ደግሞ የሚሸከም ከየት እናምጣ?» ብላ በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ጎፈር ቀና ማለት አልቻለም። ያገኘው ሁሉ ጎፈር እጅ የነሳው እየመሰለው አጸፋውን ይመልስለታል። አንድ ቀን ዶሮ እንኳ ቆም ብላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታው፣ ኧረ በእኔ ሞት ይህን ያህል አይጎንበሱ!» አለችው። ጎፈር ሊሰድባት ፈለገ፤ ለመሳደብም ቀና ማለት ያስፈልጋል።

እኔም አበቃሁ፤ እናንተም ስትነሱ ቀስ ብላችሁ ተነሱ።

ጉልበቱን ማጠፍ የናቀ፣
ወገቡ ታጥፎ ደረቀ።