ፋኖሱን ተራራ ያወጣችው ሴት

አንድ ሰው ነበረ። ደሃ ገበሬ ነው። አንተ ዲያቆን ይትባረክ፣ «የኔታ፣ ያቺ ጭል ጭል የምትለው ኮከብ ምን ልትጠቅም ተፈጠረች?» ብለህ ስትስቅ እሱ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። ሳቅህን ዋጥ አድርግና ስማ።

የገበሬው ጎጆ ከሐይቁ ርቆ፣ ተራራ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሐይቁ መካከል ሳሉ ማዕበል ተነሣ፤ ጨለመ፤ ዳርቻው ጠፋባቸው። ገበሬው ጀልባዋ አለመመለሷን ያውቅ ነበር። ማገዶውን ሁሉ ዝናብ አርሶታል። ደረቅ ነገር ያለው ጎጆው ውስጥ ብቻ ነው። ሚስቱንና ልጆቹን አስወጥቶ ጎጆውን ከውስጥ ለኮሰው።

ከሐይቁ መካከል ሲታይ ያ ሁሉ እሳት አንዲት ነጥብ ነበር። ቀዛፊዎቹ ወደ ነጥቧ ቀዘፉ። ወደ ዳር ሲቃረቡ ግን አንድ ባለጸጋ ፋኖስ ይዞ ቆሞ አገኙት። ፋኖሱ ዓይናቸውን ሞላው፤ ነጥቧን ረሷት።

በሳምንቱ የዳኑት ሰዎች ድግስ ደገሱ። ባለጸጋውን «ብርሃናችን» ብለው ከካህናቱ አጠገብ አስቀመጡት። ገበሬው በር ሥር ተቀመጠ። «እኔም አንድጄ ነበር» ቢላቸው፣ «አየናት፤ ትንባሆ የለኮስክ መስሎን ነበር» ብለው ሳቁበት። ባለጸጋውም አብሮ ሳቀ። ያን ጊዜ መሬት አለመከፈቷ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከዳኑት አንዷ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ዕድሜዋን እሳት ፊት የፈጀች ሴት። «ጌቶቼ፣ ሁለቱን ብርሃን እኩል ርቀት ላይ አስቀምጠን እንያቸው» አለችና ፋኖሱን ለኩሳ ወጣች። መሽቶ ነበር፤ ሁሉም ደጅ ቆመው ተመለከቱ። እሷ ወደ ተራራው ሄደች። ርቀቷ እጥፍ ሲሆን የፋኖሱ ብርሃን በግማሽ አልቀነሰም፤ ሩብ ሆነ። ሦስት እጥፍ ስትርቅ ከዘጠኝ አንድ እጅ ቀረ። የተራራውን ግማሽ ሳትወጣ ከዓይናቸው ተሰወረ። በእጇ ግን እንደ በፊቱ ይነድ ነበር።

ቆይታ ስትመለስ ነጠላዋ ውስጥ አመድ ቋጥራለች። ከአመዱ መካከል ግማሹ የከሰለ የአልጋ እግር አለ። ባለጸጋው ፊት ዘረገፈችው።

«ትንባሆው ይኸው» አለች።

ሰዎቹ ገበሬውን ፈለጉት። ከቤተሰቡ ጋር የሚያድርበት ዋሻ ሩቅ ስለሆነ ቀደም ብሎ ሄዷል።

አየህ ይትባረክ፣ ያቺ የሳቅክባት ኮከብ ያ ጎጆ ናት። ብርሃን መንገዱ በረዘመ ቁጥር ይሰፋል፤ አንድ ማንኪያ ቅቤ ሰፊ ቂጣ ላይ ሲቀባ እንደሚሳሳው እሱም ይሳሳል። ቀርበህ ብታያት ፀሐይን ታስንቅ ይሆናል። አንተ ግን ርቀቷን ትንሽነት ብለህ ፈረድክባት።

የሚያናድደኝ ኮከቧን መናቅህ ብቻ አይደለም። ትናንት እራት ያበላህን ጎረቤት ቆመህ መረቅከው፤ ደግ አደረግህ። አንተን ለማስተማር በሬዋን የሸጠች እናትህ የአራት ቀን መንገድ ማዶ ናት። ስሟን ከጠራህ ስንት ጊዜህ ነው?

ከነገ ጀምሮ እስክትመለስ ትምህርት የለህም። ስንቅህን ያዝና ሂድ፤ የነደደውን ከቅርብ አይተህ ና።