እመት ጃርትና ውሃ የማይደርስበት ቦይ

በድሮ ዘመን፣ አውሬ ሁሉ በአንድ ሸንጎ ሲተዳደር፣ አንድ አንበሳ ነበረ። ደግ ነው፣ ኃይለኛ ነው፣ ደስ የሚል ወሬ ሲነግሩት ግን ማመን ይወዳል። አንዲት ጦጣም ነበረች። ምላሷ ፈጣን፣ እጇ ሰነፍ። አንዲት ጃርትም ነበረች። እሷ ሥራ ታውቃለች፣ ትዕግሥት ግን አታውቅም። ስትናደድ እሾኋ ይቆማል፤ በዚህ ተረት ውስጥ ደግሞ እሾኋ የሚተኛበት ጊዜ የለም። ተጠጉና ስሙኝ ልጆች። እኔንም ነገሩ ገና ሳልጀምረው እያናደደኝ ነው።

ንጉሡ፣ አያ አንበሶ፣ የሚቀመጠው ከፍ ያለ ጉብታ ላይ፣ ሾላ ዛፍ ሥር ነው። ከአጠገቡ ጥርት ያለ ምንጭ ይፈልቃል። አንገቱን ዘንበል ካደረገ ይጠጣል። የተረፈው ውሃ በጉብታው ጀርባ ገደል ገብቶ ማንንም ሳይጠቅም ይጠፋል።

አውሬው ሁሉ የሚኖረው ታች ሜዳው ላይ ነው። በክረምት ሜዳው ላይ ኩሬ አለ፣ ችግር የለም። በጋ ሲመጣ ግን ኩሬው ይደርቃል። ያን ጊዜ ሁሉም ዳገቱን እየወጣ ምንጩ ላይ ይጋፋል፣ ይጣላል፣ የንጉሡንም ውሃ ያደፈርሳል።

እግሩ ረጅም የሆነ ዳገቱን ይወጣዋል። የእመት ጃርት እግር ግን አጭር ነው፣ የልጆቿ ደግሞ ከእሷም ያጥራል። ባለፈው በጋ ታላቁ ልጇ ዳገቱ መሀል ላይ በውሃ ጥም ሞተባት። የቀራት አንድ ትንሽ ልጅ ነው። እሾሄ ትለዋለች። እሾሄ ያን ዳገት እንደማይችለው አሳምራ ታውቃለች።

ስለዚህ ንጉሡ በሸንጎ ተነሥቶ ከምንጩ እስከ ሜዳው ኩሬ ድረስ ቦይ እንቆፍር፣ በጋ ሳይገባ ውሃው ይውረድልን ሲል፣ ከሁሉም በላይ ደስ ያላት እሷ ናት። ሐሳቡ ግሩም ነው። ማንም አልተቃወመም። ከምንጩ አፍ ጀምሮ ያለው ድርሻ ለአያ ጅቦ ተሰጠ። ቀጥሎ ለአያ ከርከሮ። ቀጥሎ ለእንኮዬ ጦጢት። የመጨረሻው፣ እስከ ኩሬው ያለው፣ ለእመት ጃርት። በማግስቱ ሥራ ተጀመረ።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያ አገር ንጉሥ ከጉብታው ወርዶ ሥራ ማየት ነውር ነው። አባቱ አልወረደም፣ አያቱ አልወረደም፣ እሱም አይወርድም። ታዲያ ማን እንደሠራ፣ ማን እንደተኛ በምን ይወቅ?

አሰበ፣ አሰበና በጆሮዬ አውቃለሁ አለ። ሥራ ባለበት ዘፈን አለ፤ ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ፤ ዘፈኑ ለደመቀለት ማታ ማታ ከሾላዬ የበሰለ የበሰለውን አበላዋለሁ አለ። ሸንጎው አጨበጨበ። እናንተም ብትኖሩ ታጨበጭቡ ነበር፣ አውቃችኋለሁ።

ያን ቀን እንኮዬ ጦጢት በጀርባዋ ተንጋለለች። እግሯን በእግሯ ላይ አነባብራ አፈሩ ተነሣ፣ ድንጋዩ ተናደ እያለች ዘፈነች። አፈሩ አልተነሣም። ድንጋዩም አልተናደም። እንዲያውም ድርሻዋ መሀል አንድ ትልቅ ድንጋይ ተጋድሞ ነበር፤ እሱን ቅጠል አለበሰችውና ዘፈኗን ቀጠለች። አያ ጅቦ ይህን ሰምቶ ቁፋሮውን ተወና ማላዘን ጀመረ። አያ ከርከሮም ማንኮራፋቱን ዜማ አደረገው። እመት ጃርት ዘፈን አትችልም። አጎንብሳ ትቆፍራለች፣ የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነው።

ማታ ሾላውን የበላችው ጦጢት ናት። ቦዩስ? ቦዩ እዚያው ነው።

ጃርት ይህን ስታይ እሾኋ ቆመ። ያን ዳገት በዚያች አጭር እግሯ ወጥታ፣ ጃንሆይ፣ እነዚህ እየዘፈኑ ነው እንጂ እየቆፈሩ አይደለም ብላ ለንጉሡ ነገረችው። ንጉሡ ከልቡ አዘነ። ክፉ አይደለም አልኳችሁ። አሰበ፣ አሰበና እንግዲያው በዓይኔ አውቃለሁ አለ። የሠራ ሰውነቱ ይቆሽሻል፤ ማታ ጭቃው ለበዛበት ሾላ ይሰጠው አለ። ጃርት ሌላ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት ሸንጎው አጨበጨበ።

አያ ከርከሮ ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሕግ ሰምቶ አያውቅም። በደስታ አበደ። ቀኑን ሙሉ ከምንጩ ሥር ያለው ረግረግ ውስጥ ሲንከባለል ዋለ። አያ ጅቦም ተከተለው። እንኮዬ ጦጢት ግን ብልጥ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ ተኝታ ዋለችና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብቻ ረግረጉ ውስጥ ዘላ ገባች። ከጭቃው ስትወጣ የገዛ እናቷም አታውቃትም።

የጃርትን ነገር ደግሞ አትጠይቁኝ። እሾኋ አፈር አይዝም፤ አንዴ ሲርገፈገፍ ሁሉም ይረግፋል። ከሁሉም ንጹሕ ሆና የቀረበች እሷ ናት። ንጉሡም በሸንጎ ፊት ሰነፍ ብሎ ወቀሳት። ሰነፍ! ጥፍሯ እስኪነቀል የቆፈረችውን። ጦጢት ሾላዋን እየበላች፣ እመት ጃርት፣ ነገ ትንሽ በርቺ ብላ መከረቻት። ቦዩስ? ቦዩ እዚያው ነው።

ጃርት ለሁለተኛ ጊዜ ዳገቱን ወጣች። ጃንሆይ፣ እነዚህ እየተንከባለሉ ነው እንጂ እየቆፈሩ አይደለም አለችው። ንጉሡ አሁንም አሰበ፣ አሰበና እሺ፣ የተቆፈረ አፈር የትም አይጠፋም፣ ይከመራል፤ ክምሩን ከዚህ ሆኜ አያለሁ፤ ክምሩ ለተለቀለት ሾላ ይሰጠው አለ። ለነገሩ ይኼኛው ካለፉት ይሻላል። ትንሽ ይሻላል። ጃርት ደክሟት ስለነበር ይሁን ብላ ወረደች።

በማግስቱ ቁፋሮ ሆነ፣ እውነተኛ ቁፋሮ። አያ ጅቦ አፈሩ በለሰለሰበት በኩል ቆፈረ፤ ቦዩ የሚሄደው ግን በሌላ በኩል ነው። አያ ከርከሮ የግንብ ቤት የሚያህል ጉድጓድ ቆፈረ፤ እሱም ከቦዩ መስመር ውጭ ነው። ጦጢት ምንም አልቆፈረችም። ጃርት አጎንብሳ ስትቆፍር ከኋላዋ እየመጣች አፈሯን በቅርጫት እያፈሰች ወደ ራሷ ድርሻ ወሰደችው።

ማታ ንጉሡ ከጉብታው ቁልቁል ሲያይ ክምር ነው፣ ክምር ነው፣ ክምር ነው። አገሩ ተቆፍሮ አለቀ አለና ደስታው እንባ አመጣበት። ጦጢት ሾላውን በላች። ቦዩስ? ተውኝ እባካችሁ።

በጋው ሊገባ ሆነ። ኩሬው ደርቆ ተሰነጣጠቀ። እሾሄ ከጉድጓዱ ወጥቶ የእናቱን መዳፍ ላሰ፤ ላብ እርጥበት አለው ብሎ ነው። ጃርት ይህን ስታይ ለሦስተኛ ጊዜ ዳገቱን ወጣች።

ንጉሡ ከምንጩ እየጠጣ ነበር። ጦጢት ከአጠገቡ ተቀምጣ ሾላ ትልጣለች። ሸንጎውም እዚያው ነው። ጃርት ለንጉሡ እጅ ነሣችና ፊቷን ወደ ጦጢት አዞረች።

"እንኮዬ ጦጢት፣ በንጉሡ ፊት ንገሪኝ። ቦዩ አልቋል ወይስ አላለቀም?" አለቻት።

ጦጢት አላመነታችም። "አልቋል እንጂ። ክምሩን ሁሉም እያየው ነው" አለች።

"እንግዲያው ጃንሆይ፣ ከእንግዲህ የሚቆጥሩት ነገር አይኑር" አለች ጃርት። "ዘፈንም አይስሙ፣ ጭቃም አይዩ፣ ክምርም አይለኩ። ከነገ ጀምሮ ምንጩ ወደ ቦዩ ይለቀቅ። እያንዳንዱ ከድርሻው በታች ያለውን ውሃ ብቻ ይጠጣ፣ ከላይ ማንም አይንካ። ሥራው የእርስዎ ነውና እርስዎም ከመጨረሻው፣ ከኩሬው ይጠጡ።"

ሸንጎው ያን ጊዜ አላጨበጨበም። ንጉሡ ከጉብታው ይውረድ? ይህ ነውር ነው። አያ አንበሶ ጦጢትን አየ፣ ጃርትን አየ፣ ምንጩን አየ። ቦዩ ካለቀማ ውሃው ኩሬው ድረስ ይደርሳል፣ ምን ይጎድልብኛል ብሎ አሰበ። ካላለቀ ደግሞ ሲታለል ኖሯል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ በገዛ ጉሮሮው ቢያውቀው ይሻላል። ተነሣና ወረደ። ያ ሁሉ አውሬ ንጉሥ በእግሩ ሲወርድ ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጦጢት የጀመረችውን ሾላ አስቀመጠች።

በማግስቱ ጠዋት ምንጩ ተለቀቀ። ውሃው የአያ ጅቦ ድርሻ ውስጥ ገባና ቆመ። አያ ጅቦ ከታች ሆኖ ጠበቀ፣ አልመጣለትም። ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ሕጉ ትዝ አለው። ተሳደበና መቆፈር ጀመረ፣ በቦዩ መስመር፣ ያለ ዘፈን። ሲጨርስ ውሃው መጣለት፣ ጠጣ። ቀጥሎ አያ ከርከሮ እንዲሁ ቆመ፣ እንዲሁ ተሳደበ፣ እንዲሁ ቆፈረ፣ እንዲሁ ጠጣ። ሰዓታት አልፈጀም እኮ። ይህን ያህል ቀን ያባከኑበት ሥራ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው።

ከዚያ ውሃው የጦጢት ድርሻ ላይ ደረሰ። ያ ቅጠል የለበሰ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመለሰና የአያ ከርከሮን ጉድጓድ ሞላው፣ ከዚያም አልፎ አያ ጅቦ ጠጥቶ የተጋደመበት ዋሻ ውስጥ ገባ። አያ ጅቦ ከጸጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ወጣ። ጦጢት ወደ ምንጩ ልትሮጥ ስትነሣ ከፊቷ ተገተረ። "መጀመሪያ ድርሻሽን አሳልፊ" አላት።

ጦጢት ድንጋዩን ገፋችው፣ አልተነቃነቀም። አፏን ከፍታ ለሸንጎው ማስረዳት ጀመረች። የሚሰማት አጣች፤ ሁሉም ዓይኑ ውሃው ላይ ነው።

ከታች ደግሞ ኩሬው ደረቅ ነው። አያ አንበሶ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ተቀምጦ ምላሱ ደርቋል። ከአጠገቡ እሾሄ ተኝቷል። ጠዋት ይንቀሳቀስ ነበር፣ አሁን አይንቀሳቀስም። ንጉሡ ጉብታው ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ያ ሁሉ ሲዘፈን ይህ ልጅ እየጠማው ኖሯል?

ጃርት ልጇን አየችና ቦዩን ይዛ ሽቅብ ሮጠች። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ጦጢትን ልትወጋት ትችል ነበር። እሾኋም ቆሞ ነበር። ግን ጊዜ የላትም። ከድንጋዩ ሥር ተኛችና መቆፈር ጀመረች። "ከዚያኛው ጎን ቆፍሪ" ብቻ አለቻት። ጦጢትም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት እጇ ቆፈረች። መዳፏ ተላጠ፣ አለቀሰች፣ ግን ቆፈረች።

ድንጋዩ ተነቃነቀ፣ ተንከባለለ፣ ውሃውም ወረደ። በጃርት ድርሻ ውስጥ አንድም ቦታ ሳይቆም ቁልቁል ነጎደ። ጃርት እየተከተለችው ሮጠች። ኩሬው ስትደርስ ንጉሡ እሾሄን በአፉ በቀስታ አንሥቶ ውሃው ዳር አስቀምጦት አገኘችው። ልጁ ጠጣ። ከእሱ በኋላ ንጉሡ ጠጣ።

ንጉሡ አገጩ እየተንጠባጠበ ወደ ጃርት ዞረ። "እንዲህ ስትጠሙ የኖራችሁት ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላት።

"እርስዎ ከላይ ሆነው በጠጡበት ዘመን ሁሉ" አለችው።

 አያ አንበሶ ዳገቱን ዳግመኛ አልወጣውም፤ ዙፋኑን ኩሬው ዳር አደረገ። ጦጢትን ከአገር አላባረራትም። በየዓመቱ ቦዩን ከአፉ እስከ መጨረሻው እንድትጠርግ ፈረደባት፣ የምትጠጣውም ከሁሉም በኋላ ከኩሬው እንዲሆን። ጦጣ ዛሬም ስትቀመጥ መዳፏን እያገላበጠች የምታየው ያ ቁስል ድኖ እንደሆነ ለማወቅ ነው ይላሉ።

ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው። ሥራ ስታዝዙ ሥራው ከሚያልቅበት ቦታ ቁሙ፤ የመጨረሻው ሰው የሚጠጣውን እናንተም ጠጡ። ያን ጊዜ ማንም አያታልላችሁም፣ ማንም በከንቱ አይጠማም። ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ። እንግዲህ ተነሡና ግቡ፣ እኔም ንዴቴ ይብረድልኝ።