ሌት ተቀን የሚቀዳው ማሽን

ስሚኝማ ልጄ፣ ይቺን ጻፊያት። አቶ ጥጋቡ የሚባሉ፣ ንፉግም ጉረኛም የሆኑ ባለሀብት ነበሩ። ጓዳ ካስቀመጡት በርሜል ጠጅ እየጎደለ ቢያስቸግራቸው ካሜራና መቅጃ ማሽን አስገጠሙ። ከዚያማ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ይሄ ማሽን አያርፍም፤ ጓዳዬ ውስጥ ሌት ተቀን ይቀዳል!» ማለት ሆነ ሥራቸው።

ጠጁ ግን መጉደሉን አልተወም። ማሽኑ የቀዳውን ከፍተው እንዳያዩት ደግሞ፣ ማንም እንዳይነካብኝ ብለው ያስገቡትን የይለፍ ቃል ራሳቸው ረስተውታል። እንዳይናገሩት ነገር አፈሩ! ስለዚህ እንግዳ በተሰበሰበበት የቤት ሠራተኛቸውን ጠርተው ሊያስፈራሯት አሰቡ።

«ማሽኑ ሁሉን አሳይቶኛል!» አሉ ጣታቸውን እያወዛወዙ። «ጓዳዬ ውስጥ ሲቀዳ የከረመው ማን እንደሆነ በገዛ አፍሽ ተናገሪ። አለዚያ ዛሬውኑ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ውጪ!»

እሷ እቴ፣ ምን ገዷት! በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠረግ አደረገችና፣

«ውይ ጋሼ! ሌት ተቀን የሚቀዳ ማሽን ራስዎ ጓዳ አስገብተው፣ ማን ቀዳ ብለው እኔን ይጠይቁኛል? ገመድህን ጠቅልለህ ውጣ መባል ያለበትማ እሱ ነው!» አለቻቸው።