የግራዝማች ይግዛው በቆሎ

አንድ ቀን፣ ወምበርማ ውስጥ፣ ግራዝማች ይግዛው የሚባሉ ባለርስት በቆሏቸው ገና ከማሳ እንደገባ «አሁኑኑ ጎተራ ይከተት» ብለው ተነሡ። ግራዝማች ሀብታቸው የትየለሌ፣ አሮጌው ጎተራቸውም የአምና በቆሎ ሙሉ ሆኖ ሳለ ለእንግዳ እፍኝ ቆሎ የሚያሳሳቸው ሰው ናቸው። በቆሎው ደጅ ተሰጥቶ በከረመ ቁጥር የባለቤታቸው ዘመዶች በዚያ ሲያልፉ ሁለት ሁለት ራስ እያነሡ፣ ጠብሰው እየበሉ መሄዳቸው እንቅልፍ ነሥቷቸው ነበር።

መሬታቸውን በእኩል የሚያርሰው አንለይ አንዲት ፍሬ ፈልፍሎ በጥርሱ ነከሳት። ቀጭ አላለችም፤ ጥርሱ ላይ ተለጠፈች።

«ጌታዬ፣ ይኼ ገና ነው። ሁለት ሳምንት ፀሐይ ይምታው። እንዲህ እንዳለ ከከተትነው ይታፈንና ይሻግታል።»

«ሁለት ሳምንት ደጅ ከዋለ የሚተርፈኝ ፍሬ አልባው ቆረቆንዳ ነው! ክተት ብያለሁ፣ ክተት!»

አንለይ ከተተ። ግራዝማች ራሳቸው እላዩ ላይ ቆመው የጎተራውን አፍ በእበት አስመረጉት።

በሁለተኛው ወር ጎተራው ሲከፈት ሽታው ውሻ ያባርር ነበር። በቆሎው ግማሹ ሻግቶ ጠቁሯል፤ ግማሹ እዚያው በቅሏል። የአንለይም ድርሻ እዚያው ውስጥ ነበር። ነገር ግን እሱ አቤት ሳይል ግራዝማች ቀድመው ዳኛ ፊት አቆሙት።

«ይኼ ሰው እህሌን አበላሸብኝ!» አሉ፣ ኩታቸውን እያጣፉ። «ለካሣው የሚመጣውን ዓመት ያለ ድርሻ ይረስልኝ!»

ዳኛው ወደ አንለይ ዞሩ። «ምን ትላለህ?»

«ክተት አሉኝ፣ ከተትሁ።»

«ውሸት!» ግራዝማች ብድግ አሉ። «እኔ ያልሁት ደረቁን ክተት ነው! ደረቁን ብቻ! እግዜር ያውቃል!»

ምስክር የለ። የባለርስትና የአራሽ ቃል ቢመዘን የማን እንደሚከብድ አንለይ አላጣውም። ዓመቱን ሙሉ በነጻ አርሶ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ምን ሊያበላ ነው?

«አንተ ሰው፣ እውነቱን ተናገር» አሉ ዳኛው ኮስተር ብለው። «ግራዝማች ደረቁን ክተት ብለውሃል ወይስ አላሉህም?»

አንለይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«መቼም ጌታዬ አይዋሹም፤ ብለውኝ ይሆናል። ግን የዚያን ቀን ግቢውን ብዞር፣ ብዞር፣ ከእሳቸው በቀር ደረቅ አጣሁ። ታዲያ እሳቸውን ልክተት ኖሯል?»

ዳኛው ሳቃቸውን በጭራቸው ሊጋርዱ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ እንባቸውን እየጠረጉ፣ የአንለይ እኩሌታ ከግራዝማች አሮጌ ጎተራ፣ በደንብ ከደረቀው፣ ተሰፍሮ እንዲሰጠው ፈረዱ።