ከግላሱ በታች

«አንድ ሰው ነበረ፤ ፈረስ የሚያሳምር» አሉ የኔታ ልሳኑ።

ይህን ያሉት ተገኘ የሚባል የመንደሩ ሰው ጥያቄውን ጠይቆ ገና አፉን ሳይገጥም ነው። ሚስቱ ጥላው ወደ አባቷ ቤት ሄዳለች። «የኔታ፣ አገር ሁሉ እንደ ተገኘ ያለ ባል የለም ይላል። ለየበዓሉ ቀሚስ እለውጥላታለሁ፤ ባንገቷ ወርቅ አስሬላታለሁ። ታዲያ ምን ጎደላት?» ብሎ ነበር። ለእርቅ እንዲያደርሱለትም አዲስ ቀሚስ ጠቅልሎ አጠገባቸው አስቀምጧል። የኔታ የቀሚሱንም የወርቁንም ነገር ሰምተው የፈረሱን ታሪክ ቀጠሉ።

ሰውየው ሀብታም፣ ፈረሱም ዳማ ነበር። ጠዋት ጠዋት ራሱ ወንዝ አውርዶ ያጥበዋል፤ በገለባ አሽቶ ያደርቀዋል፤ ጋማውን ያበጥራል፤ ሰኮናውን ቅቤ ይቀባል። ይህን ለሎሌ አይተውም። በገበያ ሲያልፍ ወንዱ «ፈረስማ እንዲህ ነው!» ይላል። ሰውየው ያልሰማ መስሎ ሁሉንም ይሰማል። አንድ ቀን የአንድ ገበሬ ልጅ ቆማ ፈረሱን ስታይ አያት። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ እሷን ማግባት ሆነ።

በዚያው ሰሞን ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ዝተት ሳይደርቅ ጫነበት። ሲያራግፍ የፈረሱ ጀርባ ጣት በሚያህል ቦታ ተልጦ አገኘው። ፈረስ ያሳደገ ሰው ነውና መድኃኒቱን ያውቃል፤ መድኃኒቱ ኮርቻ አለመጫን ነው። ሜዳ ላይ ቢለቀው ይድን ነበር። ግን የጎረቤት ሰርግ ደረሰ፤ ልጅቷም እዚያ ትገኛለች። ከሰርጉ በኋላ ጥምቀት መጣ። «ገጣባ ፈረስ አለው ከምባል ማሳረፉ ይቆይ» አለ በልቡ። ዝተቱን ደራርቦ፣ በላዩ እስከ ጉልበቱ የሚወርድ ጥልፍ ግላስ አለበሰው። ቁስሉ ሲሰፋ ሰፋ ያለ ግላስ አሰፋ። መሽተት ሲጀምር ጋማው ላይ አሪቲ አሰረበት።

ፈረሱ ኮርቻ ባየ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰውየው ለሚያየው ሁሉ «ወኔው ነው፤ ካልጋለበ አይችልም» ይላል። አገሩም ወኔውን ያደንቃል።

በመጨረሻ ሽማግሌ አስከትሎ በዚያው ፈረስ ልጅቷን ሊጠይቅ ሄደ። በገበሬው አገር ልማድ፣ ለጋብቻ የመጣን ሰው ፈረስ የሚያራግፈው ሎሌ አይደለም፤ የልጅቷ አባት ነው። «ከእንግዲህ ሸክምህ ሸክሜ ነው» ማለታቸው ነው። ሰውየው ይህን ያወቀው ገበሬው የኮርቻውን ጠፍር ሲጨብጥ ነው።

«ግዴለም፣ እንደተጫነ ይዋል» አለ።

«ምነው ጌታው! ደጄ መጥተህ ፈረስህ እንደተጫነ ይዋል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ይናከሳል።»

«ሚስቴም ትናከሳለች፤ ይኸው አለሁ» አለ ገበሬው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጠፍሩ ተፈታ።

ግላሱ ወረደ። ኮርቻው ወረደ። ዝተቱ ግን ከሥጋው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ገበሬው በቀስታ ሲያነሳው ፈረሱ በጉልበቱ ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ከቁስሉ መሐል አጥንት ይታያል።

ገበሬው ግላሱን ከመሬት አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ አጥፎ ለሰውየው አስታቀፈው።

«ፈረሱን ተውልኝ፤ ይድንልኝ እንደሆነ ላስታምመው። ልጄን ግን አልሰጥህም።»

«ለአንድ ፈረስ ብለህ?»

«ፈረሱን አገር እያየው እንዲህ አደረግኸው። ልጄንማ በርህን ከዘጋህ በኋላ ማን ያይልኛል?»

ሰውየው ግላሱን በትከሻው አንግቶ በእግሩ ተመለሰ። መንገድ ላይ አንድ ነጋዴ «አቤት ጥልፍ! ይህን የሚለብሰው ፈረስ የታደለ ነው» አለው። ሰውየው «ነው እንጂ» ብሎ አለፈ። ፈረሱ ግን አልዳነም።

የኔታ ይህን ተናግረው ወደ ተገኘ ዞሩ። ጥቅሉን ፈታ አድርገው ቀሚሱን አዩት።

«እጅጌው እስከ መዳፍ ነው» አሉ። «ሌሎቹም እንዲሁ ነበሩ። በዚህ ቆላ ሙቀት አይበዛባትም ነበር?»

ተገኘ እጁን ዘርግቶ እጅጌውን ወደ ጥቅሉ መለሰው።

«ልጄ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። አገር የሚያመሰግንህ ባለበስካት ግላስ ነው፤ እሷ የኖረችው ከግላሱ በታች ነው። እኔም በየበዓሉ ሳያት እንዴት ያምርባታል ካሉት አንዱ ነኝ፤ ክንዷን ግልጥ አድርጌ ሰንበሩን አላየሁም። ምን ጎደላት አልከኝ፤ የጎደላት ጠፍሩን የሚፈታ ሰው ነው። ፈረሱ እስኪያራግፉት ቆሞ ጠበቀና ሞተ። እሷ ግን ጠብቃ ጠብቃ ማንም እንደማይመጣ ስታውቅ፣ ራሷ አራግፋው ሄደች። ቀሚሱን ይዘህ ተመለስ፤ እኔ አላደርስልህም።»