የአያ ጅቦ ማሳ

«አንድ ጊዜ ስማኝ፣ አያ ጅቦ! ዘሩ ለማን ተሰጠ?»

እመት አህያ ናት፤ ከንጉሥ አንበሳ ጎተራ ፊት ቆማ ትጮኻለች። የዓምናው ድርቅ ለዘር የሚሆን እንኳ አላስተረፈላትም። ንጉሡ «ለሚያርስ ሁሉ ከጎተራዬ ዘር በነፃ ይሰጠው» ብሎ ሲያሳውጅ ማሳዋን አለስልሳ ጠበቀች። አሁን ሐምሌ እየተገባደደ ነው። ዛሬ ነገ ካልዘራች ክረምቱ ጥሏት ይሄዳል፤ ውርንጭላዋም በጋውን አይሻገርም።

የጎተራው ሹም ጅብ ነው። ንጉሡ የሾመው «እህል አይበላም፤ እህል የማይበላ እህል አይሰርቅም» ብሎ ነው። እህል በፍየል እንደሚለወጥ አላሰበም።

ጸሐፊው ቀበሮ ከጅብ ጀርባ ብቅ አለ።

«እመት አህያ፣ ዘሩ አልቋል። ለገበሬ ተሰጥቷል።»

«ለየትኛው ገበሬ?»

«የችግረኛ ስም በአደባባይ አይጠራም፤ ነውር ነው።»

«እኛ ሁላችንም ችግረኞች ነን፤ አንተፋፈርም። ጥራው!»

ከኋላዋ በሬና ጦጣ ሳቁ። ጅብ የተናቀ መሰለውና ደረቱን ነፋ።

«ገበሬው እኔ ነኝ! ሁሉንም የዘራሁት እኔ! ምን ትሆኚ?»

ቀበሮ ዓይኑን ጨፈነ።

አህያ ልትራገጥ ያነሳችውን እግር መልሳ አወረደች።

«እሰይ! ታዲያ ይህን ሁሉ ብቻህን ልታርም ነው? ጎረቤት ምን ሊሠራ ነው? ነገ በደቦ እንመጣልሃለን። ብቻ ድግሱ እንዳይጎድል።»

ጅብ ድግስ ሲባል ምራቁን ዋጠ። በደቦ የሚያበላው ባለማሳው መሆኑን አያውቅም፤ አርሶ አያውቅማ።

«ኑ! ሁላችሁም ኑ!»

በማግሥቱ መንደሩ መኮትኮቻውን ይዞ እየዘፈነ ደረሰ። ጅብ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ሜዳ አሳየ። ቡቃያ የሚባል ነገር የለበትም። የፍየል አጥንት ብቻ ተበትኖበታል።

«ምን ዘርተህበት ነው?» አለ በሬ።

ጅብ አጥንቱን አየ። ቀበሮን አየ። ቀበሮ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«ፍየል» አለ ጅብ።

«መቼ ነው የሚታጨደው?» አለች ጦጣ።

ሳቁ ሲበርድ አህያ ወደ ጅብ ዞረች።

«አረም የለውም፤ ሥራችንን ጨርሰናል። ምሳችን የታለ?»

«የምን ምሳ? የምታበሉኝ እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

«የሚያበላው ባለማሳው ነው፣ አያ ጅቦ። አለዚያ በዚህ ሁሉ ፊት ማሳ የለኝም በል።»

ጅብ ወደ ጓዳው በር አፈገፈገ። ቀበሮ «ጓዳው ገና አልተሰናዳም፤ እባካችሁ...» ሲል ደቦው ሁለቱንም እየገፋ ጓዳው ገባ። ገና በፍየል ያልተለወጠው ዘር፣ የንጉሡ ማኅተም እንዳለበት፣ በጆንያ በጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል።

አህያ ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ስትረግም ኖራለች። ያን ቀን ግን «ጫኑኝ! ጨምሩ! ምን ትሰስታላችሁ?» አለች። ሁሉም የአቅሙን ተሸክሞ ወጣ። በባዶው ጓዳ ጅብና ቀበሮ ተፋጠው ቀሩ።

«አሁን ምን እንበላለን?» አለ ጅብ፣ ዓይኑን ከቀበሮ ሳይነቅል።

ቀበሮ ወደ በሩ ሮጠ። መጨረሻ የወጣችው አህያ ግን በኋላ እግሯ በሩን ጠረቀመችው።

ከዚህ የምንማረው «ለገበሬው ሰጥተናል» የሚል ሹም ሲገጥመን ምስጋናውን አቆይተን፣ መኮትኮቻችንን ይዘን «ማሳውን አሳየን» ማለት እንደሚገባን ነው።