የእማማ ታንጉት ባትሪ

ጨዋታ አለኝ፤ ጆሮ ካላችሁ ቁጭ በሉ። መሃል ላይ እንዳታቋርጡኝ አደራ። ይሄ ጨዋታ ከተቋረጠ እንደገና ከጫፉ ነው የሚጀመረው፣ እሱን ደግሞ እኔም አልችለው።

በአንዲት ዳገታማ ከተማ፣ ከዳገቱ ግርጌ፣ ደርበው የሚባል የብረት በር በያጅ ይኖር ነበር። እናቱ እማማ ታንጉት ልባቸው ደክሟል፤ በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄደው መታየት አለባቸው። ጤና ጣቢያው ደግሞ የት ይሁን? ዳገቱ አናት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ። ባጃጁ ሁሉ ግርጌው ድረስ ይመጣና ሽቅብ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ጎረቤታቸው አገደውና ሌሎች ሦስት የሰፈር ሰዎች እማማን በቃሬዛ ተሸክመው ያወጧቸው ነበር። ሰው ናቸውና ታከታቸው። አገደው ወገቡን ያዘው፣ አንዱ የቀን ሥራ አገኘ፤ የየሳምንቱ መንገድ በየወሩ ሆነ።

ደርበው ይሄን አይቶ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከየጋራዡ የተጣለ ብረት ለቅሞ፣ ቆርጦና በይዶ፣ ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ሠራ። ጠባብ ናት፤ በዚያ ቀጭን መንገድ ታልፋለች። መቀመጫ አላት፣ ፍሬን አላት፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አላት። የጎደላት ባትሪ ብቻ ነው። ያለው ሁሉ ብረቱ ላይ አልቆ ስለነበር ባትሪውን መግዛት አልቻለም። ፍላጎቱ እንግዲህ ይቺው ናት፤ አንድ ባትሪ።

አንድ ቀን እማማ ታንጉት በሬዲዮ ሰሙ። በትራንስፖርት አዲስ ነገር ለሠሩ ትንንሽ ድርጅቶች የጎደላቸውን የሚሞላ ድጋፍ አለ ይላል። «ደርበው፣ አንተን ነው የሚጠሩህ፤ ተነስ» አሉት። ደርበውም ሸሚዙን ቀይሮ ወደ ድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ኃላፊው አቶ ምንይችል እጁን ጨብጠው ወንበር ሰጡት።

«ግሩም ሥራ ነው ወንድሜ። ባትሪውም መጋዘን ውስጥ አለልህ። ግን ታርጋ ለሌለው ተሽከርካሪ ባትሪ አናወጣም» አሉት።

ደርበው ተደስቶ ወጣ። ታርጋ ምን አላት ብሎ ነው፤ ሞኝ። ታርጋው አልመጣ አለ፣ ባትሪው አልወጣ አለ፣ እማማ ታንጉትም ዳገቱን አልወጡም።

ወደ ታርጋ ክፍል ሄደ። «እህቴ፣ ታርጋውን ስጪኝ፤ ታርጋው ባትሪውን ያውጣልኝ፣ ባትሪው እናቴን ዳገቱን ያውጣልኝ» አላት።

ሴትዮዋ የጋሪዋን ፎቶ ገለበጠችው። «ይሄ ምንድን ነው? ባጃጅ ነው? ሞተር ሳይክል ነው?»

«እናቴን ዳገት የምታወጣ ናት።»

«እንደዚህ የሚባል ዓይነት የለንም። መርማሪው ይያትና ምን እንደሆነች ይንገረኝ፤ እኔ ታርጋ አልከለክልህም።»

ምርመራው አልሆን አለ፣ ታርጋው አልመጣ አለ፣ ባትሪው አልወጣ አለ፣ እማማ ታንጉትም ዳገቱን አልወጡም።

ወደ መርማሪው ሄደ። «ጌታዬ፣ ይመርምሩልኝ፤ ምርመራው ታርጋውን ያምጣልኝ፣ ታርጋው ባትሪውን ያውጣልኝ፣ ባትሪው እናቴን ዳገቱን ያውጣልኝ።»

መርማሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ሻይ ጋበዘው። ግን ሻይ ሌላ፣ ሕግ ሌላ ሆነበት። «ሰው ደጃፍ ላይ ሄጄ አልመረምርም፤ መመሪያው በሥራ ቦታ ነው የሚለው። ሼድ አለህ?»

«የምበይደው ቤቴ በራፍ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ሼድ ይዘህ ጥራኝ፤ ወዲያው ነው የምመጣው» አለው።

ሼዱ አልገኝ አለ፣ ምርመራው አልሆን አለ፣ ታርጋው አልመጣ አለ፣ ባትሪው አልወጣ አለ፣ እማማ ታንጉትም ዳገቱን አልወጡም። ማታ ገብቶ ይሄንኑ ሲነግራቸው እማማ ከትከት ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ ከኔ ይልቅ የታመመው ባትሪው ነው፤ እኔ እንኳ እስከ በራፍ እወጣለሁ» አሉት። ሳቁ ግን ሳል ሆነባቸውና ትራሱን ደግፎ አስቀመጣቸው።

በነጋታው ወደ ሼዶቹ ሹም ሄደ። ሼዶቹ ተሠርተው ተደርድረዋል፤ በራቸው ተቆልፎ ደጃቸው ሣር አብቅሏል። «ጌታዬ፣ ሼዱን ይስጡኝ፤ ሼዱ ምርመራውን ያምጣልኝ፣ ምርመራው ታርጋውን ያምጣልኝ፣ ታርጋው ባትሪውን ያውጣልኝ፣ ባትሪው እናቴን ዳገቱን ያውጣልኝ።»

«ብቻህን ነህ?» አለው ሹሙ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ለአንድ ሰው ሼድ አይሰጥም። አምስት ሆናችሁ ተደራጁና ኑ።»

«ይሄ ሁሉ ባዶ ነው እኮ ጌታዬ።»

«ባዶ የሆነው ለተደራጁ ስለተያዘ ነው» አለው፤ ሲናገረው ደግሞ ዓይኑን አላሸም።

ማኅበሩ አልቆም አለ፣ ሼዱ አልገኝ አለ፣ ምርመራው አልሆን አለ፣ ታርጋው አልመጣ አለ፣ ባትሪው አልወጣ አለ፣ እማማ ታንጉትም ዳገቱን አልወጡም።

ደርበው ወደ አገደውና ወደ ሦስቱ ተሸካሚዎች ሄደ። እነሱስ ሰው ናቸው፤ አላስለመኑትም። «ቃሬዛ ተሸክመን ስም ማዋጣት ያቅተናል?» አለው አገደው። አምስቱም ተያይዘው ቀበሌ ሄዱ፤ የአካባቢው ነዋሪ መሆናቸውን ቀበሌው ካላረጋገጠ ማኅበር የለማ። ጸሐፊውን አግኝተው ደርበው ጀመረ፤ «ወንድሜ፣ ማህተሙን ምታልን፤ ማህተሙ ማኅበሩን ያቁምልን፣ ማኅበሩ ሼዱን ያስገኝልን፣ ሼዱ ምርመራውን ያምጣልን፣ ምርመራው ታርጋውን ያምጣልን፣ ታርጋው ባትሪውን ያውጣልን፣ ባትሪው እናቴን ዳገቱን ያውጣልን።»

«ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው» አለ ጸሐፊው። «የመሳቢያው ቁልፍ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«መቼ ይወጣሉ?»

«ስብሰባው ሲያልቅ ነዋ።»

ደርበው ስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ሄዶ ቆመ። ለሻይ ሲወጡ ሊቀመንበሩን አገኛቸው፤ ሳምቡሳ በእጃቸው ይዘዋል። ቁልፉን ቢለምናቸው፣ ስብሰባው ሳያልቅ ቀበሌ እንደማይመለሱ፣ ቁልፍም ለሰው እንደማይሰጡ ነገሩት። ስለ ምን እንደሚሰበሰቡም ጠየቃቸው። አሁን የሚመጣውን ስሙልኝ። ስብሰባውን የጠሩት አቶ ምንይችል ናቸው። አጀንዳው የትራንስፖርት ፈጠራ ድጋፉ ለምን እስካሁን አንድ ተጠቃሚ እንኳ አላገኘም የሚል ነው። ተጠቃሚ እስኪገኝ ስብሰባው እንዳይበተን ተወስኗል።

«እኔ አለሁ እኮ፤ እኔን ስጧቸው» አላቸው ደርበው።

«አንተማ ታርጋ የለህም» አሉት ሊቀመንበሩ፤ አዝነው ነው የነገሩት። ሳምቡሳቸውን ጨርሰው ገቡ።

ስብሰባው አላልቅ አለ፣ መሳቢያው አልከፈት አለ፣ ማህተሙ አልመታ አለ፣ ማኅበሩ አልቆም አለ፣ ሼዱ አልገኝ አለ፣ ምርመራው አልሆን አለ፣ ታርጋው አልመጣ አለ፣ ባትሪው አልወጣ አለ፣ እማማ ታንጉትም ዳገቱን አልወጡም። ወይ ጉድ፤ ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለማለት እኔ እንኳ ደከመኝ፣ የእማማ ትንፋሽ ደግሞ እያጠረ ነበር። እግራቸው አበጠ። ተጋድመው መተኛት ስላቃታቸው ተቀምጠው ያነጉ ጀመር። ደርበው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሥራ ፈትቷል፤ ጋሪዋ ላስቲክ ለብሳ ከቤቱ ጀርባ ቆማለች። ሲያያት ያናድደው ነበር፣ እንደ ሰው ይሰድባት ነበር።

አንድ የክረምት ጠዋት እማማ ከንፈራቸው ጠቆረ። ደርበው ሰፈሩን ጠራ። አገደው ወገቡን በነጠላ አስሮ መጣ፣ ሦስቱም መጡ፣ እማማን ቃሬዛው ላይ አወጧቸው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ አንድ ወደፊት ሲሉ ግማሹን ይንሸራተታሉ። ከዳገቱ ወገብ ላይ ትከሻ ለመለዋወጥ አወረዷቸው። እማማ ልጃቸውን አዩት። «ደርበው፣ አታጣድፋቸው፤ ይወድቁብሃል» አሉት። ሰዎቹ ትከሻ ለውጠው ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ እማማ ታንጉት ሞተዋል።

የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። እንግዲህ የአገራችንን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ለበሽተኛ ጊዜ የሌለው ለቀብር አይታጣም። ያ ማለቂያ የሌለው ስብሰባ በጡሩንባ ተበተነ። ሊቀመንበሩ መጡ፣ ጸሐፊው መጣ፣ የሼዱ ሹም፣ መርማሪው፣ የታርጋዋ ሴትዮ ከነባሏ፣ አቶ ምንይችልም ጥቁር ኮት ለብሰው መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱ አናት ላይ ነው ብያችኋለሁ። ሬሳ ሲወጣ ደግሞ ማንም ተራ አይዘልም፤ ሁሉም ትከሻውን ይሰጣል። ሹሙ ተሸከመ፣ መርማሪው ተሸከመ፣ ሊቀመንበሩ ተሸከሙ። አቶ ምንይችል ተራቸው ሲደርስ እዚያው የዳገቱ ወገብ ላይ ጭቃው ጫማቸውን ነጠቃቸው። ቆመው አለከለኩ።

«ይሄን ዳገት ሰው እንዴት ነው የሚወጣው?» አሉ።

«እንዲህ ነው ጌታዬ» አላቸው አገደው ከሳጥኑ ሌላ ጫፍ። «እየተሸከምን።»



ከቀብር ተመልሰው ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ንፍሮ ቀረበ፤ እጁን የሰደደ ጥቂት ነው። መጀመሪያ የተነሱት ሊቀመንበሩ ናቸው፤ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለጸሐፊው ሰጡት። ጸሐፊው ሮጦ ሄዶ ማህተሙን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣው፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ መታው። ስብሰባው አለቀ፣ መሳቢያው ተከፈተ፣ ማህተሙ ተመታ፣ ማኅበሩ ቆመ። ሹሙ ሼዱን እዚያው ፈቀደ። መርማሪው ተነስቶ ከቤቱ ጀርባ ሄደ፣ ላስቲኩን ገልጦ፣ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ጋሪዋን መረመረ። ሼድ ውስጥ አይደለችም፤ እሱም አልጠየቀ። በማግስቱ የታርጋዋ ሴትዮ ልታጽናና ስትመጣ ታርጋውን በነጠላዋ ሸፍና ይዛ መጣች። ሼዱ ተገኘ፣ ምርመራው ሆነ፣ ታርጋው መጣ፣ ባትሪው ወጣ። ደርበው ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ሁሉንም ያያል። አልተቆጣም፤ አላመሰገነም። ይሄ ሁሉ ነገር ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው አንጀቱን ያሳረረው።

ባትሪው በሥነ ሥርዓት ተሰጠ። ፎቶ አንሺ መጣ። አቶ ምንይችል የመጀመሪያው ተጠቃሚ መገኘቱን ተናገሩና ለደርበው ድምፅ ማጉያውን ሰጡት፤ አንድ ሁለት የምስጋና ቃል እንዲል።

«ባትሪው ጥሩ ባትሪ ነው» አለ ደርበው። «እናቴ በሕይወት እያለች መጋዘን ውስጥ ነበር። ያኔም ጥሩ ነበር።»

ሰዉ ያጨብጭብ አያጨብጭብ ግራ ገባው። አቶ ምንይችል ጫማቸውን አዩ።

ከዚያ ደርበው ባትሪውን ገጠመ። ሰው አልጫነም፤ ብቻውን ወጣ። ጋሪዋ ያንን ዳገት ሳታንገራግር ወጣችው። እናቱ የሞቱበትን ቦታ ሲያልፍ ፍሬን ሊይዝ አስቦ አልያዘም። የጤና ጣቢያው ነርስ ከመስኮት አይታው ኖሮ ባለ ጎማ ወንበር እየገፋች ወጣች። መቀመጫውን አየች፣ ባዶ ነው።

«በሽተኛዋስ?» አለችው።

«ቀብረናታል» አላት ደርበው። «ባትሪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

ነርሷ ወንበሩን ይዛ ቆመች። ደርበው ጋሪዋን አዞረ። ግርጌው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ባሏን ተደግፋ ሽቅብ ስታይ ተመለከተና ወደ እሷ ወረደ። እኔም ጨዋታዬን እዚሁ ላይ አወርዳለሁ፤ የሚነሳ ይነሳ።